የአሮጌ መኪና የኤሌክትሪክ መገናኛዎችና ዝገት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአዲስ አበባ፣ ከመኪና መለዋወጫ ሰፈሩ ከሶማሌ ተራ እስከ ፒያሳ፣ ኮፈን በተከፈተበት ሁሉ የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ተነሥተን ወደ አስቸጋሪው እንሄዳለን።

በባትሪው ራስ ላይ የሚወጣው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ምንድን ነው?

የባትሪው አሲድ ሥራ ነው። ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ ሃይድሮጅን ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ ረቂቅ የሰልፈሪክ አሲድ ርጭት ይዞ በክዳኖቹና በምሰሶዎቹ (ገመድ በሚታሰርባቸው ሁለት የእርሳስ ጫፎች) ሥር ባሉ ቀዳዳዎች ይወጣል። አሲዱ የምሰሶውን እርሳስ ሲያገኝ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ የገመዱን መዳብ ወይም የማሰሪያውን ነሐስ ሲያገኝ ደግሞ ሰማያዊና አረንጓዴ።

ሲያዩት ከማስጠላት ያለፈ ጉዳት ያለው አይመስልም። ጉዳቱ ግን ከማይታየው በኩል፣ በምሰሶውና በማሰሪያው መካከል ከገባው ስስ ሽፋን ነው፤ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በዚያ ነውና። ደግሞ እርሳስ ያለበት ዱቄት ስለሆነ እፍ ብለው አያቡንኑት፤ ከነኩት በኋላም ምግብ ከመቅረብዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

አዲስ አበባ ባሕር የላት፣ መንገዷ ላይ በረዶ ማቅለጫ ጨው አይነሰነስ፤ መኪኖቻችን ታዲያ ለምን ይዝጋሉ?

የክረምቱ ዝናብ ብቻውን ይበቃል። ከሰኔ እስከ መስከረም ውጭ የሚያድር መኪና በየቀኑ ይርሳል፤ ጎማ የሚረጨው ጭቃ የፊት መብራት ሶኬት ጀርባና የሻሲ ብሎኖች ላይ ይጋገራል። ጭቃው ሲደርቅ አቧራ ይሆናል፣ አቧራው ደግሞ እንደ ስፖንጅ እርጥበት ይዞ ይቆያል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች፣ ለምሳሌ የመዳብ ሽቦና የብረት ቦዲ፣ በእርጥበት ሲገናኙ ራሳቸው ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ፤ ደካማው እየተበላ ይሄዳል።

ሰዎች የሚዘነጉት ከክረምት በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቀኑ ይሞቃል፤ ጠዋት በፊት መብራት መስታወት ውስጥ የሚታየው ጤዛ በየሶኬቱም ውስጥ አለ። በዚያ ላይ ኮብልስቶኑ ይጨመራል። መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር የሶኬቱ ብረቶች በፀጉር ውፍረት ያህል ይፋተጋሉ፤ የተፋተገው ብረት ዱቄት ሆኖ ይዝግና በመካከላቸው ይቀመጣል። ስለዚህ ዝናብ ጠብ ያላለበት ሶኬት እንኳ በንዝረት ብቻ ሊበላሽ ይችላል። መኪናው ከአውሮፓ ያገለገለ ሆኖ የመጣ ከሆነ ደግሞ የክረምት መንገዳቸውን ጨው ከነጠባሳው ይዞት መጥቷል።

ቁልፍ ስሰጠው «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል። ባትሪው ሞቶ ነው?

ሊሆን ይችላል። ባትሪ ለመግዛት ከመሄድዎ በፊት ግን መገናኛውን ይጠርጥሩ። ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣው ሞተሪኖ መዞር በሚጀምርበት ቅጽበት 150 አምፔር ያህል ሊስብ ይችላል። ኤሌክትሪኩ በሚያልፍበት መንገድ ላይ የ0.02 ኦም (የተቃውሞ መለኪያ ነው) ተቃውሞ ብቻ ቢኖር 3 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ ከ12 ቮልት ላይ 3 የተነጠቀበት ሞተሪኖ ከማቃሰት ያለፈ ነገር አያደርግም። 0.02 ኦም ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስልዎት፤ በተራ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) በኦም እንኳ በወጉ የማይነበብ፣ ለዓይን ስስ እድፍ የሚመስል ነገር ነው።

ስለዚህ የሚለካው ቮልት ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በምሰሶው አናት፣ ሌላውን በማሰሪያው ላይ ያሳርፉና ሌላ ሰው ቁልፍ ይስጥ። ንባቡ ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት፤ ከ0.2 ቮልት ካለፈ ያ መገናኛ ታሟል። ሁለቱን ጫፎች በሁለቱ ምሰሶዎች ላይ አድርገው ሲሞክሩ ንባቡ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ግን ጥፋቱ የባትሪው ነው፤ ወይ አልሞላም፣ ወይ አርጅቷል። ያረፈና የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ቴስተር የሌለው ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ከሞከረ በኋላ ማሰሪያዎቹን በእጁ ይዳስስ፤ የሞቀው ጥፋተኛው ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ኪሳራ ተነሥቼ ነው። አንድ ክረምት ላዳዬን ሁልጊዜ ቁልቁለት ፈልጌ ነበር የማቆመው፤ ከፒያሳ ወደ ለገሃር የሚወርደው የቸርችል ጎዳና ዋና ባለውለታዬ ነበር። አንድ ጋራዥ ባትሪ አስቀየረኝ፤ ሳምንት ሳይሞላ ያው ሆነ። ሞተሩን ከቦዲው የሚያገናኘው ጠፍጣፋ የሽቦ ጥልፍ ዝጎ ኖሯል። አዲሱ ባትሪ በከንቱ ተገዛ፤ አሮጌው ከዚያ በኋላ የዘመድ መኪና ላይ ሁለት ዓመት ሠራ።

የባትሪውን ራስ እንዴት ላጽዳ?

ሞተሩን ያጥፉ፣ ሲጋራ አያጭሱ፤ የባትሪ ትንፋሽ ሃይድሮጅን ነውና በብልጭታ ይፈነዳል። መነጽር ቢያደርጉ አይጠላም። መጀመሪያ የሚፈታው ኔጌቲቩ ነው፤ ፖዘቲቩን ቀድመው ሲፈቱ ቁልፉ ቦዲ ቢነካ ብየዳ ያህል እሳት ይረጫል። ሲመለስም ፖዘቲቩ ይቀድማል፣ ኔጌቲቩ ይከተላል። ማሰሪያው አልላቀቅ ካለ በመዶሻ አይምቱት፤ ምሰሶው ባትሪው ውስጥ ካለው ሰሌዳ ጋር የተያያዘው በእርሳስ ነው፣ እርሳስ ደግሞ ይሰበራል። ሞቅ ያለ ውሃ አፍስሰውበት ትንሽ ይታገሡና ማሰሪያውን በካቻቢቴ ፈልቀቅ ያድርጉት።

በአንድ ብርጭቆ ሞቅ ያለ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይበጥብጡ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሲቀቡት አረፋ ይደፍቃል፤ አረፋው ሲያቆም አሲዱ አለቀ ማለት ነው። ከቤኪንግ ፓውደር ጋር አያምታቱት፤ እርሱ ውስጥ የራሱ አሲድ አለበት። የባትሪው ክዳኖች በደንብ መዘጋታቸውን አስቀድመው ይዩ፣ ሶዳ ወደ ውስጥ ከገባ ባትሪውን ያበላሻልና። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ፣ ያድርቁ፣ የምሰሶውን ዙሪያና የማሰሪያውን የውስጥ ከንፈር ብቻ ብሩህ እርሳስ እስኪታይ በሽቦ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ይፋቁ። አብዛኛው ሰው ከላይ ያለውን አሳምሮ ውስጡን ይተወዋል፤ የሚሠራው ግን ውስጡ ነው።

ለስላሳ መጠጥ ማፍሰስስ?

ይሠራል፤ አሲድ ስላለው ዱቄቱን ያሟሟል። ነገር ግን አሲድን በአሲድ ማጠብ ነው፤ ስኳሩም ተጣብቆ ይቀርና አቧራና እርጥበት ይሰበስባል። መንገድ ላይ ቀርተው ሌላ ነገር ካጡ ያፍስሱት፣ ቤትዎ ሲደርሱ በውሃና በሶዳ ይጠቡት። ሙቅ ውሃ ብቻውን እንኳ ከለስላሳ ይሻላል።

ከጸዳ በኋላ ምን ልቀባው? ቫዝሊን፣ ግራሶ ወይስ ሌላ?

ከምኑ ይልቅ መቼው ይበልጣል። ብረት ከብረት ተገናኝቶ፣ ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ከላይ ይቀባል። ምሰሶው ላይ ግራሶ ለድፎ ማሰሪያውን ከዚያ በላይ ማጥለቅ በከተማችን የተለመደ ስሕተት ነው። ግራሶ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ሥራው አየርና ውሃ ማገድ ነው። በደንብ በጠበቀ ማሰሪያ ግፊቱ ቅባቱን ገፍቶ ያወጣዋል፣ በላላው ግን በመካከል ይቀራል።

ቫዝሊን ለባትሪ ራስ የተፈተነ መፍትሔ ነው። ጉድለቱ ሙቀት ሲያገኘው መቅለጡ ነው፤ በየሦስት ወሩ ይታደሳል። ተራ ግራሶ ይቆያል፣ ግን አቧራ ይሰበስባል። የሲሊኮን ቅባት ውድ ቢሆንም ለሶኬቶች የጎማ ክዳንና ለካንዴላ (ሞተር ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠው) ገመድ ጫፍ ተወዳዳሪ የለውም፤ ጎማ አያበላሽም፣ ሙቀት ይችላል። እሳት በሚረጩ ማብሪያ ማጥፊያዎች ውስጥ ግን አይግባ፤ ብልጭታው ወደ አሸዋነት የቀረበ የማያስተላልፍ ነገር ያደርገዋል። የመዳብ ብናኝ ያለበት ቅባት ደግሞ ብዙ እግር ባለው ሶኬት ውስጥ አንዱን እግር ከሌላው ሊያገናኝ ይችላልና ለብሎን ብቻ ይሁን።

ስለ ደብሊው ዲ 40 ስፕሬይ ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። ስሙ ራሱ ውሃ ማባረሪያ ማለት ነው፤ የረጠበ ሶኬት ለማድረቅና የያዘ ብሎን ለማላላት ጥሩ ነው። ለወራት የሚቆይ መከላከያ ግን አይደለም፤ ስሱ ቅባት ቶሎ ይተናል።

ማሰሪያው ለባትሪው ሰፋ። ምስማር ቢገባበት ችግር አለው?

አለው። ከጃፓን መኪኖች ጋር የሚሄዱ አንዳንድ ባትሪዎች ምሰሷቸው ቀጭን ነው፤ ወፍራም ምሰሶ የለመደ ማሰሪያ ሲገባባቸው እስከ መጨረሻ ጠብቆም ይዞራል። ምስማር ሲሸጎጥ የሚነካው በሁለት ነጥብ ብቻ ነው፤ ያ ሁሉ አምፔር በሁለት ነጥብ ሲያልፍ ምሰሶውን ያቀልጣል። ብረትና እርሳስ በአሲድ ጭጋግ ውስጥ ሲጣመሩ ደግሞ ምስማሩ በወራት ውስጥ ዝገት ብቻ ሆኖ ይቀራል። በምሰሶው ላይ የሚጠልቅ የእርሳስ ቀለበት አለ፤ ዋጋው ትንሽ ነው። ካላገኙ ለባትሪው የሚሆን ማሰሪያ ይቀይሩ።

ላቫጆ ሞተሩንም በከፍተኛ ግፊት እንዲያጥቡልኝ ልፍቀድ?

ለአሮጌ መኪና እኔ አልፈቅድም። የሶኬት ጎማዎች ሲያረጁ ይደርቃሉ፤ ዝናብ የማያልፍባቸውን ቀዳዳ የግፊት ውሃ ያልፍበታል። ከገባ በኋላ መውጫ የለውም፤ ሳሙናም ከውሃው ጋር ይገባል፣ ሳሙና ያለበት ውሃ ደግሞ ከዝናብ ውሃ ይልቅ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። መኪናው ያን ቀን ደህና ይሄዳል፤ ችግሩ ከሳምንታት በኋላ በማይታሰብ ቦታ ይመጣል፣ ላቫጆውንም ማንም አያስታውሰውም።

የግድ መታጠብ ካለበት አልተርኔተሩ (ባትሪውን የሚሞላው)፣ ዲስትሪቢዩተሩ (ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) እና የፊውዝ ሳጥኑ በፌስታል ይሸፈኑ፣ በብሩሽና በባልዲ ውሃ ይታጠብ፣ ከዚያም ሞተሩ በርቶ ኮፈኑ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ይቁም። ከታጠበ በኋላ ለማሳመር የተቃጠለ ዘይት ወይም ናፍጣ መቀባትም ልማድ ነው፤ የሻሲውን ብረት ከዝገት ይጠብቅ ይሆናል፣ የሽቦዎቹን ልባስና ጎማውን ግን ያሳብጣል፣ ያለሰልሳል።

ፍሬቻ ሳበራ የኋላ መብራቱ አብሮ ብልጭ ይላል። ምን ነካው?

የኤሌክትሪሺያኖቹ «ማሳ» ነው። በመኪና ውስጥ ኤሌክትሪክ ወደ አምፖሉ በሽቦ ይሄዳል፣ የሚመለሰው ግን በቦዲው ነው። መመለሻው በዝገት ሲዘጋ ኤሌክትሪኩ መተው አያውቅምና ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ በሌላኛው አምፖል በኩል ወደ ኋላ ዞሮ ይወጣል። የነዳጅና የሙቀት መለኪያዎች መብራት ሲበራ አብረው ከፍ ዝቅ ካሉም ይኸው ነው። እንዲህ ዓይነት «ጋኔን የገባበት» የሚመስል መኪና ሲመጣ አምፖልና ማብሪያ ከመቀየር በፊት ማሳውን ማየት ጊዜ ያተርፋል።

ሥራው አሰልቺ እንጂ ከባድ አይደለም። ብሎኑን ይፍቱ፣ በሥሩ ያለውን ቀለምና ዝገት ሳንቲም በሚያህል ስፋት ብረቱ እስኪያበራ ይፋቁ፣ የሽቦውን ጫፍ ቀለበትም እንዲሁ። ጥርስ ያለው ዋሸር አድርገው ያጥብቁ፣ በመጨረሻ ቀለም ወይም ግራሶ ከላይ ይቅቡ። ቦዲው ተለጥፎ የተቀባ መኪና ከሆነ ይህን ችግር በእርግጠኝነት ይጠብቁ፤ ቀለም ቀቢዎች ብሎኑን ሳይፈቱ ይረጩበታል፣ ወይም ስቱኮ (የቦዲ መለጠፊያ) ላይ መልሰው ያስሩታል። ስቱኮ ደግሞ እንደ ፕላስቲክ ነው፣ ምንም አያሳልፍም። ከሁሉ በፊት የሚታየው ከሞተር ወደ ቦዲ የሚሄደው ጥልፍ ይሁን፤ ታሪኬን ነግሬዎታለሁ።

የላዳዬን ፊውዝ በጣቴ ሳዞራት መብራቱ ይመጣል። ፊውዟን ልቀይር?

ፊውዟ ደህና ናት፤ ተቀማጭነቷ ነው የተበላሸው። ላዳ፣ ቮልስዋገንና የዚያ ዘመን ብዙ የአውሮፓ መኪኖች ጫፋቸው ሾጠጥ ያለ፣ ላያቸው ላይ ስስ የብረት ጥብጣብ ያለባቸው ፊውዞች ነበሯቸው፤ ብዙዎቹ 8 እና 16 አምፔር ናቸው። ፊውዙን የሚይዙት ሁለት ቀጫጭን ምላሶች በዕድሜ ይላላሉ፣ ጫፉ ላይ ስስ ዝገት ይይዛል። በጣት ሲያዞሯት ዝገቱ ይፈገፈግና መብራት ይመጣል፤ ከኮብልስቶን ሁለት ሦስት መንገድ በኋላ ተመልሶ ይጠፋል።

ባትሪውን ፈትተው ፊውዞቹን አንድ በአንድ ያውጡ፣ ምላሶቹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ፣ በፒንሳ ቀስ አድርገው ወደ ውስጥ ይጠፏቸው። ላያቸው አሉሚኒየም የሆኑትን ፊውዞች በመዳብ ወይም በነሐስ ቢለውጧቸው ይሻላል፣ አሉሚኒየም አየር ሲነካው ቶሎ ይሸፈናል። የሲጋራ ብር ወረቀት የተጠቀለለበት ፊውዝ ካገኙ ግን አውጥተው ይጣሉት። ፊውዝ ሽቦው ከመቃጠሉ በፊት እንዲቃጠል የተሠራ ነው፤ በወረቀቱ ምክንያት የሚቃጠለው ሽቦው፣ ቀጥሎም መኪናው ይሆናል።

የፊት መብራቴ ደብዝዟል፤ አምፖል ብቀይርም ለውጥ የለም።

እዚህ ሒሳብ ይረዳል። ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖሎች ከ12 ቮልት ላይ 9 አምፔር ገደማ ይስባሉ። በማብሪያው፣ በፊውዙና በሶኬቱ ላይ ያለው ዝገት ተደምሮ 0.1 ኦም ቢሆን 0.9 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ያ ከመቶ 8 የማይሞላ ጉድለት ነው፤ የአምፖል ብርሃን ግን ከቮልቴጁ በበለጠ ፍጥነት ስለሚወድቅ የሚጠፋው ብርሃን ሩብ ያህል ይሆናል። የቀረው 8 ዋት ሙቀት ሆኖ ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ይወጣል፤ የሶኬቱ ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ የሚያገኙት ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ የቀለጠ ሶኬት ቢያጸዱትም አይድንም፣ ይቀየራል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩ ቮልስዋገኖች ባለ 6 ቮልት ናቸው። ያንኑ ዋት ለማግኘት እጥፍ አምፔር ይፈልጋሉ፤ ያው 0.1 ኦም ከ12ቱ ላይ 0.9 ቮልት ሲወስድ ከ6ቱ ላይ 1.8 ይወስዳል። ስለዚህ «ስድስት ቮልት መብራት አይሰጥም» የሚባለው ግማሹ ስም ማጥፋት ነው፤ መገናኛዎቻቸው የጸዱላቸው በሌሊት ደህና አድርገው ያሳያሉ። በ12 ቮልት መኪና ላይ ደግሞ ሪሌ (በትንሽ አምፔር ታዝዞ ትልቁን የሚያሳልፍ ማብሪያ) ማስገባት ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ ከባዱ አምፔር ያረጀውን የመሪ ማብሪያ ትቶ በአጭሩ ከባትሪ ወደ አምፖል ይሄዳል። ዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ሲቃረብ አምፖል ለመቀየር ከመሮጥ ይህን ማድረግ ይሻላል።

ዝናብ ባደረ ማግስት ብቻ አልነሳ የሚለውስ?

ባትሪው በጉልበት እያዞረ ሞተሩ ካልያዘ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ያንሡ። ውስጡ ጤዛ ካለ ብልጭታው ወደ ካንዴላ ከመሄድ ይልቅ በእርጥበቱ ላይ ይሾልካል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ የሳሳ በመሆኑ ብልጭታ በውጭ በኩል መዝለል ይቀለዋል። በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉት፣ በክዳኑ ውስጥ እንደ እርሳስ ጭረት ያለ ጥቁር መስመር ካዩ ግን ክዳኑ ተሰንጥቋል፣ ይቀየር።

በዚያው እያሉ እሳት የሚቆርጡትን ሁለቱን የሚነካኩ ጫፎች ይመልከቱ። ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ላይ ግራጫ ሽፋን ይይዛሉ፤ በአልኮል የረጠበ ንጹሕ ወረቀት በመካከላቸው ሳብ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በቮልስዋገንና በላዳ ላይ ክፍተታቸው 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በቅባት ጣት አይንኳቸው፤ ቅባቱ ተቃጥሎ ካርቦን ይሆናል።

ሶኬቶቹን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ልፋቃቸው?

የባትሪ ራስና የማሳ ብሎን ይፋቃሉ። በፋብሪካ ስስ ቅብ የተቀቡ የሶኬት እግሮች ግን አይፋቁም። ቅቡ ቲን ወይም አልፎ አልፎ ወርቅ ነው፣ ውፍረቱም ከቁጥር የማይገባ፤ ሲፋቅ ሥሩ ያለው ናስ ይገለጥና ከበፊቱ ይልቅ ቶሎ ይዝጋል።

በተለይ ነዳጅ በኮምፒውተር የሚረጩ የ1990ዎቹ ኮሮላዎችና እኩዮቻቸው ላይ ይጠንቀቁ። የመብራት ሶኬት ብዙ አምፔር ስለሚያልፍበት ስስ ሽፋንን በጉልበት ይጥሳል፤ የሴንሰር መልእክት ግን በጣም ደካማ ነው፣ የኦክስጅን ሴንሰር ለምሳሌ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ብቻ ይሰጣል። በዓይን የማይታይ እድፍ እንኳ ውሸት ያናግረዋል። ሶኬቱን በኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ይርጩት፣ አምስት ስድስት ጊዜ ይንቀሉት ይሰኩት፣ ብረቶቹ እርስ በርስ ይጠራረጋሉ። ሴንሰር ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይሞክሩ፤ ነጻ ነው ማለት ይቻላል።

ሽቦውን ስልጠው መዳቡ ጠቁሯል። ቆርጬ ባጠማዝዘውና ፕላስተር ብጠቀልልበትስ?

እርጥበት ከጫፉ ገብቶ በልባሱ ውስጥ እንደ ኩራዝ ክር ወደ ላይ ይሳባል፤ አንዳንዴ አንድ ስንዝር፣ አንዳንዴ ክንድ። ብሩህ መዳብ እስኪያገኙ ይቁረጡ። ካላገኙ ሽቦው በሙሉ ይቀየር፤ የጠቆረ መዳብ ብየዳም አይቀበልም።

አጠማዝዞ ፕላስተር መጠቅለል የአንድ ክረምት ዕድሜ አለው። ሞተር አጠገብ ሙጫው ይቀልጣል፣ ፕላስተሩ ይላቀቃል፤ ካልተላቀቀም ውሃ ከገባ በኋላ እንዳይደርቅ አፍኖ ይይዘዋል። ጥሩው መንገድ በትክክለኛ መቆንጠጫ የተቆነጠጠ ማያያዣና በላዩ በሙቀት የሚሸማቀቅ ባለሙጫ ቱቦ ነው። የሚበይዱ ከሆነ ለቆርቆሮ ሥራ የሚውለውን አሲድ አይጠቀሙ፤ ቀሪው አሲድ ከውስጥ ሆኖ ሽቦውን ይበላል። ብየዳው ያለቀበት ቦታ ላይ ሽቦው ድርቅ ስለሚል በንዝረት እንዳይቆረጥ ከቦዲው ጋር ይታሰር።

ውሃ እንዳይገባ ሶኬቱን በሲሊኮን ብዘጋው?

ሲሊኮኑን ያሽትቱት። እንደ ሆምጣጤ የሚሸት ከሆነ ሲደርቅ አሲድ እየለቀቀ ነው፤ በመዳብ ላይ ሲቀባ አረንጓዴ ዝገት ያፈራል። የመስኮትና የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮኖች ብዙዎቹ ይህ ዓይነት ናቸው፣ በየሱቁ የሚገኙትም እነርሱ ናቸው። ለፊት መብራት መስታወት ዙሪያ ከተጠቀሙበትም በደንብ እስኪደርቅ መብራቱን ሳይገጥሙ ውጭ ያሳድሩት። ሶኬት ግን ከነጭራሹ ባይደፈን ይመረጣል፤ አፉ ወደ ታች እንዲዞር፣ ሽቦውም ከመግባቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ውሃውን እንዲያንጠባጥብ አድርጎ ማሰር ከማንኛውም ሙጫ ይሻላል።

መኪናውን ለወራት ላቆመው ነው። ምን ላድርግ?

ኔጌቲቩን ይፍቱት። ኤሌክትሪክ ያለበት ብረት እርጥበት ሲነካው ኤሌክትሪክ ከሌለበት ይልቅ እጅግ ቶሎ ይበላል፤ በፖዘቲቭ በኩል ያለው ብረት ቃል በቃል ይሟሟል። መፍታቱ ባትሪውንም ያቆየዋል። ቮልስዋገን ከሆነ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ወንበሩን አንሥተው ወለሉን በሶዳ ውሃ ይጠቡት፣ የባትሪው መሸፈኛ በቦታው መኖሩንም ያረጋግጡ። መሸፈኛ ከሌለው የወንበሩ ሞላ ወፍራም ሰው ሲቀመጥበት ምሰሶዎቹን ነክቶ እሳት ያስነሣል።

ሁሉንም አጸዳሁ፣ ቀባሁ፤ ዱቄቱ በወሩ ተመልሶ መጣ። ለምን?

በመጀመሪያ የባትሪውን ውሃ ልክ ይዩ፤ እስከ አፉ የተሞላ ከሆነ ሲሞቅ ይተፋል። ቀጥሎ ሞተሩ ተነሥቶ እያለ በባትሪው ላይ ቮልት ይለኩ። ከ13.8 እስከ 14.4 ከሆነ ደህና ነው፤ ምናልባት የምሰሶው ሥር ተሰንጥቆ አሲድ ያንጠባጥባል፣ ያኔ መድኃኒቱ ባትሪ መቀየር ነው። ከ14.8 በላይ ካሳየ ግን ከመጠን በላይ እየተሞላ፣ እየፈላ፣ ጭጋጉን በእጥፍ እየተፋ ነው።

ሰው ወዲያው ሬጉሌተር (የአልተርኔተሩን ቮልት የሚቆጣጠረውን) ሊገዛ ይሮጣል። በቀድሞዎቹ ላዳዎችና በመሰሎቻቸው ላይ ሬጉሌተሩ ለብቻው ቦዲው ላይ በብሎን የታሰረ ሣጥን ነው፤ ባትሪው ስንት ቮልት እንደያዘ የሚያውቀው በራሱ ማሳ በኩል ነው። ብሎኖቹ ከዛጉ ዝቅ ያለ ቮልት ያነብባል፤ «ባትሪው አልሞላም» ብሎ አልተርኔተሩን ያዝዘዋል። ስለዚህ ሬጉሌተሩን ፈትተው ሥሩን እስኪያበራ ይፋቁት፣ ከሣጥኑ ወደ አልተርኔተሩ አካል አንድ ተጨማሪ የማሳ ሽቦ ይሳቡ፣ ሞተሩን አስነሥተው ድጋሚ ይለኩ። ያን ጊዜም ከ14.8 ካልወረደ ወደ ሶማሌ ተራ ይሂዱ።